ሦስተኛው ቅጽ

አውቃለሁ መንክር፣ ትስቅብኛለህ፤
«ጢሙን አሸብቶ ተረት ያነባል» ትላለህ።
ሳቅ፣ ግድ የለኝም። ሳቅህን ስትጨርስ
ይህቺን ደብዳቤ ያዝ፣ ተረኛው እስኪደርስ፣
እዚያ ኡዲኔ፣ ከመጋዘኑ በር፣
አንብባት ቆመህ ከመብራቱ ሥር።

ትሪየስቴ ዛሬ ነፋስ ተነሥቷል፤
ከካርሶ ተራራ ቁልቁል ተወርውሯል፤
ጣራ ይገልጣል፣ ሞተር ሳይክል ይጥላል፤
ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ተወጥሯል።
አንዲት አሮጊት አየሁ ባርኔጣዋ በርሮ
ገመዱን አንቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ወዴት እንደሚያደርስ ሳትጠይቅ
ትሄዳለች።

እኔም ተጠልዬ ከኔቬንካ ገባሁ፤
የመጽሐፍ ቤቷን ደረጃ ወረድሁ፤
ሻጋታና ባሕር እኩል ይሸትታል።
ዓምና እዚህ ነው ያገኘኋቸው፤
አራት ቅጽ፣ አንዱ በአንድ ዩሮ።
ሽፋኑ ላይ ዘንዶ ክንፉን አሳምሮ
እሳት ይተፋል። ሥዕሉን የሣለው
አላነበበውም፤ ውስጡ ዘንዶ የለው።

ያለው ደወል ነው።
በጨው ሜዳ መሀል፣ ከረጅም ግንብ ላይ፣
ኦርሞን የሚሉት ሽማግሌ ደዋይ
አምላኩ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖት
ማለዳ ማለዳ ይደውላል። «ለምን?» ሲሉት
«እጄ ነው የሚያምን፤ እኔን አትጠይቁኝ» ይላል።

ታች ከተማው ውስጥ ታልዋ አለች፣ ጸሎት ቆጣሪ።
በዚያ አገር ጸሎት እንደ እህል ይሰፈራል፣
በደረሰኝ ይገባል፣ በጆንያ ይከመራል፤
አማልክቱ ከዚያ ይቀለባሉ፤
ያነሰው ይከሳል፣ ከስቶም ይሞታል።
አንድ ማታ ታልዋ ሒሳብ ስትዘጋ
አንድ ጸሎት ተረፈ።
ደግማ ብትቆጥረው ሌሊቱ እስኪነጋ
አንድ ጸሎት ተርፏል፣
ማንም ያልጸለየው፣ ለማንም ያልተላከ።
በማግስቱም እንዲሁ። በሳልስቱም።

ሁለተኛው ቅጽ የሚያልቀው
በመጨረሻው በር እጀታ ላይ እጇ እንዳለ ነው።
አራተኛው ሲጀምር በሩ ተከፍቷል፤
ሁሉም ሰምቷል፤ ኦርሞን ያለቅሳል፤
ምን እንደሰማ ግን ማንም አይናገርም።
ሦስተኛው የለም።

ኔቬንካ ትከሻዋን ሰበቀች፤
«ጥቂት ነው የታተመው፣ አሳታሚው ከሰረ፤
ደራሲዋ የጥርስ ሐኪም ነበረች አሉ።»
እናም ወንድሜ፣ አራተኛውን ያነበብሁት
ያላየሁትን ሦስተኛ አምኜ ነው።

እንከን የለውም አልልህም፤ አለው።
አምስተኛው ላይ ከገጽ ሰማንያ እስከ መቶ ሃያ ዝለለው፤
የጨው ቀረጥ ክርክር ነው። ጦርነቱም ይረዝማል።
ግን ያመነውን ሞኝ፣ የካደውን ጀግና
አያደርግም፤ ሁለቱን ባንድ ማዕድ ያስቀምጣል፣
ያጣላቸዋል፣
ያጎራርሳቸዋል።

ያኔ አንተ ትዝ አልኸኝ፣ ዲያቆን ሳለህ፣
ልብሰ ተክህኖህን አጥፈህ መስኮት ላይ ትተህ
የወጣህባት እሑድ።
አንተ ቀርተህ ቀረህ፤ እኔ ሄጄ ቀረሁ፤
ከኋላ፣ ዓምድ ተደግፌ ቆሜ፣
አፌ ያዜማል፤ እኔ የት እንዳለሁ
አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልነገርሁህ።

ዛሬ ታዲያ ኔቬንካ ስታየኝ ሳቀች፤
ከሞተ ሰው ቤት የመጣ ካርቶን ከፈተች።
ሦስተኛው!
ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።
ሦስት ዩሮ አለች። አምስት ሰጠሁ፤ መልስ አልጠበቅሁም።
ባንድ እጄ መጽሐፉን፣ ባንድ እጄ ገመዱን
ይዤ ወጣሁ፤ ነፋሱ የቱን እንደሚቀማኝ
እስከ ቤቴ ሲያማርጥ መጣ።

አልከፈትሁትም።
ፈራሁ ልበልህ? ወይስ ያለ እርሱ ማንበብ ለመድሁ?
ከአራቱ ጋር አስሬ በአውቶቡስ ላክሁልህ፤
ላስቲኩን አንተ ቅደደው።
ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ፣
ያን አንድ ጸሎት ማን እንደጸለየው
አትንገረኝ። ስትጨርስ ብቻ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣
ደውል።
አነሳዋለሁ፤ ሁለታችንም ዝም እንላለን።
አንተ ብቻ ደውል።